ሦስተኛው ቅደም ተከተል

የእሑድ ሱፉን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ጫማውን ወልውሎ መኪና ሥር የሚተኛ መካኒክ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አላያችሁም፤ አታዩምም። የሆሳዕና ከተማ ግን በ1959 ዓ.ም. የካቲት ወር ላይ እንዲህ ያለ መካኒክ እንደነበረ እንድታምን ታዘዘች። ትእዛዙ በገበያው መግቢያ ሰሌዳ ላይ እሑድ ረፋድ በአምስት ሰዓት ተለጠፈ፦

«ተገኘ ላምቦሬ የተባለው፣ የሙያ ምስክር ወረቀት ሳይኖረው መኪና እገጥማለሁ በማለት፣ ሞተር እንደ ተንጠለጠለ ከሥሩ ተኝቶ፣ አሥራ አራት ቁጥር መፍቻ በእጁ እንደ ጨበጠ የፍሬን ቱቦ ሲያስር ሞተሩ ወድቆበት በገዛ አላዋቂነቱ ሞቷል። ጋራዡ ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል።»

ከሥሩ የፈቃድ ሹሙ የግራዝማች ወንዳፈረው ፊርማ፣ ከፊርማው ጎን የአለቃቸው የፊታውራሪ ኃይሉ ማኅተም።

ሕዝቡ አነበበ። ማንበብ የማይችለው አስነበበ። ከንፈሩን መጠጠና ወደየቤቱ ሄደ። ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት መጠራጠር ማን አስተምሮታል? አንዲት ሴት ብቻ አልሄደችም። የሟች ሚስት ጵርስቅላ፣ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ፣ እንባዋ እየወረደ ሰሌዳው ሥር ቆማ ወረቀቱን ቃል በቃል ደብተሯ ላይ ገለበጠች፤ የተለጠፈበትንም ሰዓት ጻፈች። ባሏን በቀበረች ማግስት ለጠቅላይ ግዛቱ ፖሊስ ማመልከቻ ላከች። ማመልከቻው ሁለት መስመር አይሞላም፦ «ባሌን የገደለው አላዋቂነት ከሆነ፣ አላዋቂው ማን እንደሆነ መጥታችሁ ንገሩኝ።»

በሳምንቱ መቶ አለቃ ጠና ሀንዲሶ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጦ ከተማው ገባ። የአንጋጫ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ቁጣው ቅርብ፣ ጆሮው ግን ከቁጣው የሚቀድም። ማመልከቻውን ከደረት ኪሱ ሳያወጣ በቀጥታ ወደ መምህርቷ ቤት ሄደ።

«ሱፉን አላጠቡትም፣ መምህርት?»

«ጎረቤቶቼ አጥበሽ ለድሃ ስጪ ብለውኝ ነበር። መጀመሪያ የሚጠየቅ ሰው አለ አልኳቸው።»

ጠና ኮቱን ወደ መስኮቱ ወስዶ ዘረጋው። ደረቱ ዘይት ጠጥቷል፤ ቁልፎቹ ተሰባብረዋል። ከዚያ ገለበጠው። ከኮሌታው ጀርባ የጀመረ የደረቀ ደም እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ እስከ ወገቡ ወርዷል። ጣቱን በመስመሩ ላይ ከላይ ወደ ታች አስኬደ።

«እሑድ ይሠራ ነበር?»

«ተገኘ? እሑድ ምስማር እንኳ አይመታም! ባለፈው ክረምት ጣሪያችን እሑድ ቀን ቢያፈስ ባልዲ ደቅኖ እስከ ሰኞ ጠበቀ። እኔ ስጮህበት፣ ‹ዝናቡም ቢሆን ሰኞን ያውቃል› ይለኛል።»

«ታዲያ ከጸሎት ቤት ምን አስወጣው?»

«ሦስተኛው መዝሙር ላይ ነበርን። አንድ ሰው ከኋላ ትከሻውን ነካው። ዞር ብዬ አላየሁም፤ ምነው ባየሁ! ‹መጣሁ፣ ጥሩ ነገር ሳይሆን አይቀርም› ብሎ መዝሙር መጽሐፉን እጄ ላይ ትቶልኝ ወጣ።» ጵርስቅላ ቀና አለች። «መቶ አለቃ፣ እንዲያጽናኑኝ አይደለም የጠራሁዎት። ስሙን ነው የምፈልገው። አሥር ልጆች ሙያ ሊማሩ ያንን ጋራዥ ይጠብቁ ነበር። ‹አላዋቂ› ብለው እሱንም እነሱንም አብረው ቀበሯቸው።»

ጋራዡ ከነጋዴው ከረሻድ ሱቅ ጀርባ ነው። የመኪናዋ ባለቤትም ረሻድ ነው፤ ከባሕር ማዶ በሦስት ሳጥን ተፈታትታ እንድትመጣ ያዘዛት እሱ ነበር።

«ሳጥኑ ሲከፈት የብሎኑን ብዛት አይቼ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም፤ ተገኘ ይስቃል!» አለ ረሻድ በሩን እየከፈተ። «‹ጋሽ ረሻድ፣ ይቺ እኮ መኪና አይደለችም ገና፤ ጥያቄ ናት። የትኛው ይቀድማል የሚል ጥያቄ› ይለኛል።»

መልሱ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ተጽፏል፦ ሻንሲ፣ አክስል፣ ጎማ፣ ቱቦ፣ ሞተር፣ መሪ፣ ቦዲ። «ቱቦ» እና «ሞተር» የሚሉትን ሁለት ቃላት ሌላ እጅ በቀስት አቀያይሯቸዋል፤ የመጀመሪያው እጅ ደግሞ ቀስቱን ሰርዞታል።

«ቀስቱ የማን ነው?»

«የሳህሉ። ከአዲስ አበባ ያመጣሁት መካኒክ ነው፤ የምስክር ወረቀት አለው። በዚህች ቀስት ሦስት ሳምንት ተጣሉ።»

ጠና ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከነደንብ ልብሱ በጀርባው ተኝቶ ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ የብረት አጽም፣ ሥር ገባ። የፍሬን ቱቦው በብረቱ ጎን ተዘርግቷል። የታሰረበት እያንዳንዱ ዳዶ ላይ፣ ከዳዶው ጀምሮ እስከ ሻንሲው የምትደርስ ቀይ የቀለም መስመር አለች።

«ይህ ቀይ ምንድን ነው?»

«የተገኘ ልማድ ነዋ! አጥብቆ የጨረሰውን ዳዶ ሁሉ ያሰምርበታል። ዳዶው ከተነቃነቀ መስመሯ ትሰበራለች፤ በዓይን ብቻ ይታወቃል። ሳህሉ ‹ብረት ትኩላለህ› እያለ ይቀልድበት ነበር።»

የስድስቱ ዳዶዎች መስመር ቀጥ ብሏል። ሬሳው ከነበረበት በላይ ያሉት የሁለቱ ግን ተሰብሯል፤ ዳዶዎቹ ዞረዋል፤ ማዕዘናቸውም በፒንሳ ተቦጭቋል።

«ቱቦውን ጨርሶ ነበር?»

«ቅዳሜ ማታ ጨርሶ አሳየኝ። ሞተሩን ከላይ በሁለት ግንድ ላይ አሳረፈው፣ ፓራንኮውን አሰረ፣ ‹ሰኞ እናወርዳታለን› ብሎኝ ቆለፈ።»

ፓራንኮው፣ ከባድ ዕቃ የሚነሳበት ባለሰንሰለት መዘውር፣ አሁንም ከጣሪያው ወራጅ ላይ ተንጠልጥሏል። ጠና ሰንሰለቱን ቀለበት በቀለበት አየው። አንዱም አልተበጠሰም። ሁለቱ ግንዶች ግድግዳው ጥግ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። የሚወድቅ ሞተር ግንድ አንስቶ አይደረድርም።

«ስለ እሑድ ንገረኝ።»

«ከአራት ሰዓት በኋላ ብረት ሲወድቅ ሰማሁ። ሱቁ ውስጥ ሦስት ደንበኞች ነበሩኝ፤ አብረን ሮጠን ገባን። ከሞተሩ ሥር እግሩ ብቻ ይታያል። ያ የሚያብረቀርቅ ጫማው...»

«እጁስ?»

«እጁን ማን አይቶት! ፖሊሶች መጥተው፣ እኔና ሳህሉ አግዘን ሞተሩን ያነሳነው በዘጠኝ ሰዓት ነው። መፍቻውን እጁ ውስጥ ያየነውም ያኔ ነው።»

«ግራዝማች ወንዳፈረውስ መጥተው ነበር?»

«ገና ሰው ሳይሰበሰብ ደረሱ። ግን አልገቡም። ደም አላይም ብለው፣ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ከደፉ ላይ ተመለሱ። ደንበኞቼም አይተዋል።»

ሳህሉ በተከራየው ክፍል በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ሳምንት ሙሉ አልተላጨም። ከተማው በወረቀቱ እያመነ በሹክሹክታ ደግሞ እሱን ይከስሳል፤ ሰው ሁለቱንም ባንድ አፉ ማለት አይከብደውም።

«ምስክር ወረቀት ያለህ አንተ፣ የተሠራው ግን በእሱ ቅደም ተከተል። አልተናደድክም?» አለው ጠና።

«እንዴት አልናደድ! በየቀኑ ነበር የምናደደው! መጽሐፉ ‹ሞተር ይቅደም፣ ቱቦ ይከተል› ይላል። እሱ ደግሞ ‹መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ አለው፤ እኔ ያለኝ አፈር ነው። ሞተሩ ከገባ በኋላ እጄ ቱቦው ጋ አይደርስም› ይላል።»

«ማን ልክ ነበር?»

«እሱ። ቅዳሜ ቱቦውን ሲጨርስ ገባኝ። አልነገርኩትም። ሰኞ ሞተሯ ስትወርድ እነግረዋለሁ ብዬ አሳደርኩት።»

«ማንስ ገላገላችሁ?»

«ግራዝማች አስጠርተው አስታረቁን። ከበራቸው ወጥተን መንገድ ላይ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በሦስት ሳምንት የተስማማነው ያኔ ብቻ ነው።»

«ምን አሳቃችሁ?»

«መቶ አለቃ፣ በእናትዎ! ሰውዬው አፈር ውስጥ ነው፤ ስለ ሳቅ አይጠይቁኝ።»

ጠና አልተጫነውም። ከከተማው ፖሊሶች የተረከበውን መፍቻ ከቦርሳው አውጥቶ አቀበለው። «ይህ የሟች እጅ ውስጥ የተገኘው ነው። የቱቦውን ዳዶ ይፈታል?»

ሳህሉ ገና ሲነካው መለሰለት። «አሥራ አራት ቁጥር? የቱቦው ዳዶ እኮ አሥር ነው! በዚህ ሲዞር ይውላል እንጂ ምንም አይዝም።»

የግራዝማች ወንዳፈረው ቢሮ ውስጥ ወረቀት እስከ ጣሪያው ተከምሯል። ግራዝማች ጠናን ቁጭ በል አላሉትም፤ እሱም ፈቃድ ሳይጠብቅ ተቀመጠ።

«ሟቹን ያውቁት ነበር?»

«ሁለት ዓመት ፈቃድ ስጡኝ እያለ ይህን በር ያንኳኳ ሰው እንዴት አላውቀውም? ያለ ምስክር ወረቀት! ቆጮ እየበላ ያደገ ሁሉ ተነስቶ መኪና ልሥራ ካለ ሀገር ምን ይሆናል?»

«እኔም ያደግኩት በቆጮ ነው» አለ ጠና በቀስታ። «ረሻድ እንደነገረኝ፣ ፊታውራሪ ኃይሉ ግን መኪናዋ ከተነሳች ፈቃዱን በእጄ እሰጠዋለሁ ብለው ነበር።»

«ፊታውራሪ ደግ ናቸው። ደግነት ደንብ አይደለም።»

«እሑድ ጋራዡ ውስጥ ገቡ?»

«ደም ባለበት ቤት እግሬ አይገባም። ከደፉ ተመለስኩ፤ ስንቱ አይቶኛል።»

«ሳይገቡ እንዴት ጻፉ?»

«ግልጽ የሆነን ነገር ለማወቅ መግባት አያስፈልግም።»

ጠና ይህችን ዓረፍተ ነገር ማስታወሻው ላይ አሰፈራት፤ የእርሳሱ ጫፍ እስኪሰበር ተጭኖ ነው የጻፋት። ስንቱ ድሃ፣ ስንቱ ባለሙያ፣ ሳይገቡ በሚያውቁ ሰዎች ብዕር ተቀብሯል! ሲወጣ ካኪ ካፖርት የደረበው የቢሮው ዘበኛ ወልደሰንበት ለሰላምታ ተነሳ፤ ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሳም።

«አባባ፣ ተገኘ በሞተበት እሑድ ጸሎት ቤት አካባቢ ካኪ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ታይቷል ይላሉ፣ ምእመናኑ።»

«ካኪ ካፖርት የለበሰ ብዙ ነው፣ ጌታዬ።»

«ብዙ ነው። ቅዳሜ ጋራዡ ይምጡ። የሚያውቁትን የሚናገሩት እዚያ ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጋራዡ ሁለት በሮች ወለል ብለው ተከፈቱ። ጠና ሕዝቡ እንዳይገባ የሞከረውን ፖሊስ ተቆጣው፤ ወረቀቱ የተለጠፈው ለሕዝብ ነውና ምርመራውም ለሕዝብ ይሁን አለ። ፊታውራሪ ኃይሉ ወንበር ቀረበላቸው። ግራዝማች ከጎናቸው ቆሙ። ረሻድ፣ ሳህሉ፣ ዘበኛው ወልደሰንበትም አሉ። ጵርስቅላ ጥቁር ለብሳ ግድግዳው ሥር፣ ከጠመኔው ጽሑፍ አጠገብ ቆመች።

«ፈተና ነው» አለ ጠና። «ጥያቄው አንድ፤ ቱቦውና ሞተሩ እንዴት ይገጠማሉ? ጋሽ ረሻድ?»

«እኔ ነጋዴ ነኝ። ተገኘ እንዳለው፣ ቱቦው ይታሰራል፣ ከዚያ ሞተሩ ይወርዳል።»

«ሳህሉ?»

«መጽሐፉ ሞተር ይቅደም ይላል። ሞተሩ ወርዶ በብሎን ይታሰራል፤ ከዚያ ቱቦው።»

«ግራዝማች?»

ግራዝማች ፈገግ አሉ። «እኔ የፈረድኩትን ነዋ! እነዚህ ሁለቱ ሲናከሱ ጠርቼ አስታርቄያቸዋለሁ። አንዱ ቱቦ ይላል፣ አንዱ ሞተር ይላል፤ መካከለኛውን ያዙ አልኩ። ሞተሩ ይንጠልጠል፣ እንደ ተንጠለጠለ ቱቦው ከሥሩ ይታሰር፣ ሁለቱም አብረው ያልቃሉ። ማንም አይበለጥ።»

ሳህሉ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ያሳቀን ይኸው ነው» አለ። «ሁለት ከብት የተጣላ ይመስል ብረት አስታረቁ! በተንጠለጠለ ሞተር ሥር እኔም አልተኛም፣ እሱም አይተኛም። በየትኛውም መካኒክ ቅደም ተከተል እንዲህ ያለ ነገር የለም!»

«ሰማችሁ?» ጠና ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ሁለቱ መካኒኮች በሁሉም ተጣልተዋል፤ በአንድ ነገር ግን አንድ ናቸው። በተገኘ አሠራር ቱቦው ሲታሰር ሞተሩ ገና አልወረደም፤ ግንድ ላይ አርፏል። በሳህሉ አሠራር ቱቦው ሲታሰር ሞተሩ ወርዶ ታስሯል። ሬሳው የተገኘው ግን በሦስተኛው ቅደም ተከተል ነው፤ ሞተር እንደ ተንጠለጠለ ቱቦ እያሰረ። ይህ ቅደም ተከተል የሚገኘው በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ ነው። ያ ሰው ትእዛዙ የተፈጸመ መስሎት ነበር፤ የተሳቀበት መሆኑን አላወቀም።»

«ምን ማለትህ ነው፣ አንተ!» አሉ ግራዝማች።

«ገና አልጨረስኩም። ተገኘ ቱቦውን ቅዳሜ ጨርሷል፤ ቀዩ መስመር ይመሰክራል። ገዳዩ እየሠራ የሞተ ለማስመሰል ሁለት ዳዶዎች ፈታ። በፒንሳ ነው የፈታው፤ ሳህሉ ቢሆን አሥር ቁጥር መፍቻ ያነሳ ነበር። ከዚያ ትልቅ መስሎ የታየውን መፍቻ ሟች እጅ ውስጥ አስገባ። ኮቱን እዩ። ደሙ ከኮሌታው ወደ ወገቡ ነው የወረደው። በጀርባው የተኛ ሰው ደም ወደ ወገቡ አይወርድም። ተገኘ የተመታው ቆሞ ሳለ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሳለ ነው። ገዳዩ ጎትቶ አስተኛው፣ ሞተሩን በፓራንኮ ከፍ አድርጎ ግንዶቹን አወጣ፣ ለቀቀው፣ ሰው ሳይደርስም ወጣ። ለምን ግንዶቹን ጥግ ደረደራቸው? ቢሮ የለመደ እጅ ዕቃ ወለል ላይ አይተውማ!»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ጠና የጵርስቅላን ደብተር ገለጠ።

«ወረቀቱ በአምስት ሰዓት ተለጠፈ። ‹አሥራ አራት ቁጥር መፍቻ በእጁ እንደ ጨበጠ› ይላል። ሞተሩ የተነሳው በዘጠኝ ሰዓት ነው! አራት ሰዓት ሙሉ ያንን እጅ ከፈጣሪ በቀር ያየው የለም። ግራዝማች ደግሞ ከደፉ አላለፍኩም ይላሉ፤ ምስክርም አላቸው። እንግዲያው የመፍቻውን ቁጥር ከየት አነበቡት?»

ግራዝማች ወደ ፊታውራሪ ዞሩ። «ሰው... ሰው ነግሮኝ ነው።»

«ማን?»

ከኋላ ካፖርት ተንቀሳቀሰ። ወልደሰንበት ባርኔጣውን ይዞ ወደ ፊት ወጣ።

«እኔ ነኝ ተገኘን የጠራሁት» አለ። «‹ፈቃድህ ተፈርሟልና ጋራዡን ከፍተህ ጠብቀኝ በለው› አሉኝ ግራዝማች፤ ከጸሎት ቤት ጠራሁት። ልጁ ደስ ብሎት እየሮጠ ነው የመጣው። በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። ‹ሠሪው አማቼ ነው ብለህ ፈርም፤ ፈቃዱ በእሱ ስም ይወጣል፤ አንተ ተቀጠር› አሉት። ‹አልፈርምም! መኪናዋን የገጠምኳት እኔ ነኝ› አለ። እኔን ‹ሂድ› ብለው አባረሩኝ። ሌላውን አላየሁም። ሰባት ልጆች አሉኝ፣ ጌታዬ፤ ፈርቼ ነው።»

«ዘበኛ አምናችሁ በእኔ ላይ!» ብለው ግራዝማች ወደ በሩ ዞሩ። በሩ ግን ሰው በሰው ነበር። ማንም አልነካቸውም፤ ማንም መንገድም አልለቀቀም። ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ያዟቸው። ሳህሉ ግድግዳው ጋ ሄዶ በጠመኔ የሳለውን ቀስቱን በእጅጌው ጠረገና ራሱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

ፊታውራሪ ኃይሉ ከወንበራቸው ተነሱ። «እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ። ፍርድ ተገኘ። እንግዲህ ሕዝቡም ይበተን።»

«አይበተንም!» አለች ጵርስቅላ።

ሁሉም ዞሩ። ከግድግዳው ርቃ መሐል ወጣች፤ ፊታውራሪውን ፊት ለፊት ቆመቻቸው።

«የጻፈው እጅ ታሰረ። ያተመው እጅ ግን የእርስዎ ነው።»

«ልጄ፣ ይህን በማመልከቻ አቅርቢ። ቢሮ መጥተሽ እንነጋገራለን።»

«ቢሮ አልመጣም! ባሌን አላዋቂ ያላችሁት ቢሮ ውስጥ አይደለም፤ ገበያ ላይ ነው! የአሥር ልጆች በር የተዘጋው በእርስዎ ማኅተም ነው። ሞተሩ ገና ከደረቱ ላይ ሳይነሳ፣ አንድ ሰው ልከው ሳያስጠይቁ፣ ለምን አተሙበት? ይኸው ሆሳዕና ቆማ ትሰማለች። እዚሁ፣ አሁን፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይመልሱ!»